ሰማያዊው ርጭት፦ ኦርጋኒክ እርሻ ከመዳብ መላቀቅ ለምን አቃተው?

ባልዲው ፕላስቲክ መሆን አለበት። ብረት ከሆነ መድኃኒቱ ይበላዋል። 100 ግራም ኮፐር ሰልፌት፣ ያ እንደ ብርጭቆ ስባሪ የሚያብረቀርቀው ሰማያዊ የመዳብ ጨው፣ በአምስት ሊትር ውሃ ይሟሟል። በሌላ ባልዲ ኖራ በአምስት ሊትር ውሃ ይበጠበጣል። ወተት ይመስላል። ከዚያ ሰማያዊው ውሃ እየተማሰለ ቀስ ብሎ ኖራው ላይ ይፈስሳል። መልኩ ወዲያው ይቀየራል፤ ቀጠን ያለ የሰማይ ቀለም አጥሚት ይሆናል።

አሁን ፈተናው መጣ። ንጹሕ ምስማር ወስዳችሁ ትነክራላችሁ። ትንሽ ትጠብቃላችሁ። ምስማሩ ቀላ ያለ ቡናማ ልብስ ለብሶ ከወጣ ኖራው አንሷል፤ እንዲህ ሆኖ ከተረጨ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። ጥቂት ኖራ ይጨመርና እንደገና ይነከራል። ምስማሩ እንደገባ ከወጣ ድብልቁ ለርጭት ደርሷል። በዚያው ቀን ግን ማለቅ አለበት። ካደረ ኃይሉን ያጣል።

ይህ ነገር በፈረንሳይዋ ከተማ ስም የቦርዶ ድብልቅ ይባላል። ዕድሜው 140 ዓመት ገደማ ነው። ዛሬም አውሮፓ ውስጥ የኦርጋኒክ ምልክት የተለጠፈበት ወይን፣ ድንች ወይም ፖም ስትገዙ፣ ማሳው ላይ ይህ ድብልቅ ወይም ሌላ መዳብ ያለበት መድኃኒት ተረጭቶ ሊሆን ይችላል። ማጭበርበር አይደለም። ደንቡ ራሱ ፈቅዶታል።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። "ኦርጋኒክ ማለት መድኃኒት ያልነካው ማለት አልነበረም እንዴ?" ይላል። አልነበረም። ኦርጋኒክ እርሻ የሚከለክለው በፋብሪካ የተቀመመውን ሰው ሠራሽ ኬሚካል ነው። መዳብና ድኝ ከመሬት የሚወጡ ማዕድናት ናቸውና በዚህች ቀዳዳ ሾልከው ገቡ። ከገቡ በኋላ ደግሞ የሚያስወጣቸው ጠፋ።

እኔን መፈቀዱ ብዙም አያናድደኝም። የሚገርመኝ ክርክሩ ነው። ሠላሳና አርባ ዓመት ሙሉ የሚጠየቀው "በመዳብ ፋንታ ምን እንርጭ?" የሚለው ነው። "ምን ብንተክል ነው ርጭቱ የሚቀንሰው?" ብሎ መጀመር ይሻል ነበር። ይህን ጥያቄ ቀድመው ከጠየቁት መካከል ደግሞ ጅማ የነበሩ ሰዎች አሉ። እዚያ እንደርሳለን። መጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደመጣ እንይ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሌባ ማስፈራሪያ የነበረው መድኃኒት

በ1870ዎቹ የፈረንሳይ ወይን ገበሬ መከራው በዝቶበት ነበር። ፊሎክሴራ የምትባል ትንሽ ነፍሳት የወይኑን ሥር እየበላች አገሩን አዳርሳለች። እሷን ለመቋቋም ከአሜሪካ የወይን ተክል አስመጡ። ከተክሎቹ ጋር ሳይታወቅ ሌላ እንግዳ ገባ። በ1878 ፈረንሳይ ውስጥ የታየው ይህ በሽታ ከቅጠሉ ጀርባ ነጭ ሻጋታ ያበቅላል። ቅጠሉ ይደርቃል፣ ይረግፋል፣ ፍሬው ሳይበስል ይቀራል።

በ1882 መከር ላይ ፒየር ማሪ አሌክሲ ሚያርዴ የተባሉ የቦርዶ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ፕሮፌሰር ሜዶክ ውስጥ ሳን ዡልየን በሚባል ቦታ ሲያልፉ አንድ ነገር ያያሉ። የመሐሉ ወይን ቅጠሉ ረግፏል። ከመንገዱ ዳር ያሉት ጥቂት መደዳዎች ግን ቅጠላቸው እንዳለ ነው። ቅጠሉ ላይ ሰማያዊ ነገር ተቀብቷል። ጠየቁ። ለካ ነገሩ ለበሽታ ተብሎ የተረጨ አልነበረም። መንገደኛ ወይኑን እየቀጠፈ አስቸግሯል፤ መርዝ የተረጨበት እንዲመስል ኮፐር ሰልፌትና ኖራ በጥብጠው የመንገዱን ዳር ብቻ ቀብተውታል። የሌባ ማስፈራሪያ ነበር ማለት ነው።

ሚያርዴ ከኬሚስቱ ኡሊስ ጋዮን ጋር ሆነው መጠኑን አስተካክለው በ1885 ይፋ አደረጉት። ይኸው መድኃኒት ወደ ድንችም ተሻገረ። ለአየርላንድ ግን ዘግይቷል። በ1845 የጀመረው የድንች ዋግ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብና ረሃቡ ባመጣው በሽታ ፈጅቶ፣ ሌላ ሚሊዮን ከአገር አሰድዶ ካለፈ 40 ዓመት ሆኖት ነበር።

ጠብታው ውስጥ የሚሆነው

መዳብ ለምን ይህን ያህል ዕድሜ ኖረ? መልሱ ያለው አንዲት የውሃ ጠብታ ውስጥ ነው።

የወይኑም ሆነ የድንቹ በሽታ በተለምዶ ፈንገስ ይባላሉ እንጂ ዘራቸው ከቡናማ አልጌ ጋር የሚዛመድ ነው። የውሃነት ጠባያቸው አልለቀቃቸውም። ዝናብ ወይም ጤዛ ቅጠል ላይ ሲያርፍ ዘራቸው ይፈነዳና ጥቃቅን ዋናተኞች ይወጣሉ። በጠብታው ውስጥ ዋኝተው ቅጠሉ ውስጥ ይገባሉ። ጥቂት ሰዓት ይበቃቸዋል።

መዳቡም የሚሟሟው በዚያችው ጠብታ ነው። ዋናተኛው በሚዋኝበት ውሃ ውስጥ የመዳቡ ቅንጣት ይጠብቀዋል፤ ብዙ ቦታ ላይ በአንድ ጊዜ ይመታዋል። አንድ ቦታ ብቻ የሚመታ መድኃኒት ቢሆን በሽታው ያንን ቦታ ቀይሮ ያመልጥ ነበር። ሜታላክሲል የሚባለውን፣ እኛ አገር ሪዶሚል በሚለው የንግድ ስሙ የሚታወቀውን መድኃኒት፣ የድንች ዋግ በ1980 አየርላንድና ሆላንድ ውስጥ ተላምዶታል። ያኔ መድኃኒቱ ገበያ ላይ ከዋለ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። መዳብን ግን እነዚህ በሽታዎች በ140 ዓመት ውስጥ አላመለጡትም። ባክቴሪያዎች ያመልጡታል። የቲማቲምና የቃሪያ ባክቴሪያ ብዙ ቦታ ላይ መዳብን ከናቀ ቆይቷል።

ድክመቱም እዚያው ጠብታ ላይ ነው። መዳብ ቅጠል ውስጥ አይገባም፤ ላዩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። በሽታው አንዴ ከገባ የሚያወጣው ነገር የለም። ከዝናብ በፊት መረጨት አለበት። ዝናቡ ሲጠነክር ታጥቦ ይወርዳል። አዲስ የወጣ ቅጠል ደግሞ ራቁቱን ነው። ስለዚህ እንደገና ይረጫል። እንደገና። እንደገና።

ታጥቦስ የት ይሄዳል?

አፈር ውስጥ። እዚያም ይቀራል። ሌላው መድኃኒት ቢዘገይም አንድ ቀን ይፈርሳል፣ ይበሰብሳል፣ ወደ ሌላ ነገር ይቀየራል። መዳብ ንጥረ ነገር ነው። የሚፈርስበት ነገር የለውም። ዛሬ የረጫችሁት መዳብ የልጅ ልጆቻችሁ በሚያርሱት አፈር ውስጥም መዳብ ነው።

የአውሮፓን አፈር በሰፊው የለኩ ሰዎች ያገኙት ቁጥር ይህን ያሳያል። አማካዩ አፈር በአንድ ኪሎ 17 ሚሊግራም ገደማ መዳብ አለበት። የወይን እርሻ አፈር አማካይ ግን 49 ነው። አማካይ ነው እንግዲህ። ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ የተረጨበት ማሳ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይዞ ይገኛል። በድሮው ዘመን ለአንድ ሄክታር በዓመት 20 እና 30 ኪሎ መዳብ መርጨት ብርቅ አልነበረም።

ጥቂት መዳብ ለተክልም ለሰውም ያስፈልጋል። ሲበዛ ግን በመጀመሪያ የሚጎዳው የምድር ትል ነው። ትሉ ወዲያው አይሞትም፤ መራባቱን ይቀንሳል፣ አካባቢውን ይሸሻል። አፈርን የሚያላላው፣ ቅጠል ወደ መሬት እየጎተተ የሚያበሰብሰው እሱ ነው። አፈሬን አከብራለሁ የሚል እርሻ የምድር ትሉን ሲያሳድድ ነገሩ ትንሽ ያሳፍራል። አፈሩ አሲዳማ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ መዳቡ ይበልጥ ይሟሟል፣ ይበልጥ ይመርዛል። አሳም አይወደውም። በግ ደግሞ ከከብት ሁሉ ለመዳብ ደካማ ነው። በተረጨ የፍራፍሬ ማሳ ሥር በግ ማሰማራት መንጋውን ለሞት መስጠት ሊሆን ይችላል።

ስለ ሰውስ? ፖርቱጋል ውስጥ ለዓመታት የቦርዶ ድብልቅ ሲረጩ የኖሩ ሠራተኞች ሳንባ ላይ ሐኪሞች በ1969 የራሱ ስም ያለው በሽታ መዝግበዋል፤ የወይን ረጪዎች ሳንባ ይሉታል። ጉም እያስነሱ ያለ መሸፈኛ መርጨት የሚያመጣው ነው። ያ ሁሉ ሰው የረጨው "ተፈጥሯዊ" መድኃኒት ነበር።

28 ኪሎ በ7 ዓመት

የአውሮፓ ኅብረት ይህን ሲያይ ከርሞ ገደብ አበጀ። ከ2019 ጀምሮ ለአንድ ሄክታር በ7 ዓመት ውስጥ ከ28 ኪሎ መዳብ በላይ መርጨት አይቻልም። በአማካይ በዓመት 4 ኪሎ ነው። ከዚያ በፊት ኦርጋኒክ እርሻ በዓመት 6 ኪሎ ተፈቅዶለት ነበር። ዴንማርክና ሆላንድ የመዳብ መድኃኒት ከነአካቴው አይፈቅዱም። የጀርመን ኦርጋኒክ ማኅበራት ደግሞ ሕጉን ሳይጠብቁ ራሳቸውን ለአብዛኛው ሰብል በ3 ኪሎ ገድበዋል። አሜሪካ ቁጥር አላስቀመጠችም፤ አፈር ውስጥ እንዳይጠራቀም ሆኖ ይረጭ ብቻ ነው የሚለው ደንቧ።

4 ኪሎ ብዙ ይመስላል? እስቲ መግቢያው ላይ የበጠበጥነውን ድብልቅ እናስላ። በአሥር ሊትር 100 ግራም ኮፐር ሰልፌት ነበር። አንድ ሄክታር ወይን በሰፊው ሲረጭ 1,000 ሊትር ይፈጃል እንበል። 10 ኪሎ ኮፐር ሰልፌት ገባ። ከዚህ ሩቡ ንጹሕ መዳብ ነው። 2.5 ኪሎ። አንድ ርጭት ብቻ! ሁለተኛውን ስትረጩ ዓመታዊው አማካይ አለፈ። ዝናብ በበዛበት ዓመት ደግሞ አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ መርጨት ያስፈልጋል።

ለዚህ ነው የአሁን ገበሬ የአያቱን ባልዲ የተወው። ዛሬ የሚረጨው በጣም የላመ የመዳብ ሃይድሮክሳይድ ነው። የአየር ትንበያ እያየ፣ በአንድ ርጭት ጥቂት መቶ ግራም ብቻ እየቆጠበ ይረጫል። ሰባት ዓመት የሆነበት ምክንያትም ይህ ነው፤ በደረቅ ዓመት የቆጠበውን በዝናባማ ዓመት ያወጣል። እንደ ዕቁብ በሉት።

4 ኪሎም ቢሆን ግን አይጠፋም፣ ይጠራቀማል። የላይኛውን 20 ሳንቲሜትር አፈር ብንመዝነው አንድ ሄክታር 2,600 ቶን ገደማ ይሆናል። በየዓመቱ 4 ኪሎ ሲገባበት በኪሎ አንድ ሚሊግራም ተኩል ይጨምራል። በ30 ዓመት 45 ሚሊግራም ነው። ገደቡ ፍጥነቱን ቀነሰው እንጂ አላስቆመውም።

ታዲያ ለምን ከነጭራሹ አይከለከልም? በ2016 ጀርመን የሆነውን ማየት ይበቃል። ፀደዩና የበጋው መጀመሪያ በዝናብ አለፈ። ከዚያ ቀደም የኦርጋኒክ ወይን ገበሬዎች ከመዳብ ጋር ፖታሲየም ፎስፎኔት የሚባል ቅጠል ውስጥ ዘልቆ የሚገባ ረዳት ነበራቸው። በ2013 ደንቡ ሲለወጥ ተነጠቁ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ያ ዝናባማ ወቅት መጣ። በመዳብ ብቻ የቀሩት ብዙዎች ምርታቸው ዓይናቸው እያየ ረገፈ፤ አንዳንዱ ሁሉንም አጣ። ስለዚህ ነገ ጠዋት ይከልከል ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ምትክ ሳይኖር ሲነጠቅ ገበሬው ወይ ኦርጋኒክነቱን ትቶ ወደ ፋብሪካ ኬሚካል ይመለሳል፣ ወይ እርሻውን ይዘጋል።

ምትክ የተባሉት

ዝርዝራቸው ረጅም ነው፤ ሁሉንም አላነሳም። ድኝ አለ። ለአመዳይ መሳዩ በሽታ ጎበዝ ነው፤ ለወይኑ ሻጋታና ለድንች ዋግ ግን ወገቡ አይጠናም። ፖታሲየም ባይካርቦኔት አለ፣ የኩሽናው ሶዳ የቅርብ ዘመድ። ለፖም ቅርፊት በሽታ ጥሩ ሆኖ ተገኝቷል። ፈረስ ጭራ የሚባለውን ሣር እንደ ሻይ አፍልቶ መርጨት፣ የብርቱካን ልጣጭ ዘይት፣ የሸክላ ዱቄት፣ ባሲለስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች፣ ትራይኮደርማ የሚባል ወዳጅ ፈንገስ… እያለ ይቀጥላል።

አንዱን ለየት አድርጌ የማነሳው ላሚናሪንን ነው። ከባሕር ቡናማ አልጌ ይወጣል። በሽታውን በቀጥታ አይነካውም። ተክሉን ያታልለዋል፤ ወራሪ መጣ ብሎ እንዲያስብና መከላከያውን ቀድሞ እንዲያዘጋጅ ያደርገዋል። ክትባት ዓይነት ነገር ነው። ሐሳቡ ውብ ነው። ሥራው ግን እንደ ክትባት አይደለም። ኃይሉ በሽታው ቀለል ሲል ይታያል፤ ማዕበሉ ሲመጣ ብቻውን አይቆምም። ከግማሽ መጠን መዳብ ጋር ሲሆን ይጠቅማል።

የሁሉም ጠባይ ከሞላ ጎደል እንዲህ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ያስጨበጭባሉ። ማሳ ላይ ሲወጡ ዝናብ ያጥባቸዋል፣ ፀሐይ ይሰብራቸዋል፣ ዋጋቸውም ከመዳብ ይወደዳል። መዳብ ርካሽና ችግር የለመደ ነው። ከእሱ ጋር ብቻ ለብቻ የሚገጥም ርጭት እስካሁን አላየሁም። የቲማቲሙን ጣሪያ በላስቲክ መሸፈን፣ ቅርንጫፉን ገርዞ ነፋስ ማስገባት፣ አራርቆ መትከል ከብዙዎቹ ጠርሙሶች ይበልጥ ይሠራል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቅጠሉ ቶሎ ከደረቀ ዋናተኛው የሚዋኝበት የለውም።

ዘሩን መቀየር

ወይን ላይ ፒዊ የሚባሉ ዝርያዎች አሉ። ስሙ በጀርመንኛ "ፈንገስ የማይደፍረው" ከሚል ሐረግ ያጠረ ነው። የአውሮፓን ወይን በሽታውን ከለመዱት የአሜሪካና የእስያ ዘመዶቹ ጋር ደጋግሞ በማዳቀል የተገኙ ናቸው። ሬጀንት፣ ሶላሪስ፣ ሶቪኜ ግሪ ይባላሉ። ፈረንሳይም በ2018 ፍሎሬያልና ቮልቲስን ጨምሮ አራት አውጥታለች። አሥራ ምናምን የነበረው ርጭት ወደ ሁለትና ሦስት ይወርዳል። በ2021 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት እንዲህ ያሉ ድቅል ዝርያዎች በአካባቢ ስማቸው ለታወቁ ወይኖችም መግባት እንዲችሉ ሕጉን ከፈተ።

ታዲያ ለምን ሁሉም አይተክላቸውም? ጠጪው አያውቃቸውማ። ሻርዶኔ የሚለውን ስም ለምዷል። ሬስቶራንት ውስጥ ሶቪኜ ግሪ ቢሉት "ምንድን ነው እሱ?" ይላል። ወይን ከተተከለ ደግሞ 30 ዓመት ይቆያል፤ ገበሬው በቀላሉ የማይነቀል ውሳኔ ነው የሚወስነው። በሽታውም አይተኛም። አንድ የመከላከያ ዘረ መል ብቻ የያዘ ዝርያ ብዙ ቦታ ሲተከል ውሎ አድሮ ይጥሰዋል። ለዚህ ነው አሁን ሁለትና ሦስት ዘረ መል በአንድ ተክል ላይ የሚደረድሩት።

አሁን ወደ ጅማ

የቡና ፍሬ አድርቅ በሽታ በ1971 ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። ከዚያ ቀደም በ1922 ኬንያ ውስጥ ተገኝቶ ነበር። ገና አረንጓዴ የሆነው ፍሬ ላይ ጥቁር ጎድጎድ ያለ ነጠብጣብ ይጀምራል። ነጠብጣቡ ይሰፋል፤ ፍሬው ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ ይረግፋል ወይም እንደ ሙጃሌ ዛፉ ላይ ተሰክቶ ይቀራል። ገበሬው ዓመት የጠበቀውን ቡና በጥቂት ሳምንት ያጣዋል። በጥቂት ዓመት ውስጥ ዋና ዋናዎቹን የቡና አካባቢዎች አዳረሰ።

የኬንያ መንገድ ርጭት ነበር። መዳብም፣ ሌሎችም። ትልልቆቹ እርሻዎች ላይ የቡና ወጪ ትልቅ ድርሻ መድኃኒት ሆነ። የገረመኝ ግን ሌላ ነው። በ1960ዎቹ እዚያ የነበሩ ተመራማሪዎች መዳብ በተሳሳተ ወቅት ሲረጭ በሽታው አንዳንዴ ጭራሽ እንደሚብስ አስተውለዋል። ከተሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ ይህ ነው፦ ቡናው ላይ ከበሽታው ጋር ቦታ የሚሻሙ ሌሎች ጥቃቅን ፍጥረታት ይኖራሉ፤ መዳቡ እነሱንም ይጨርሳል። ሜዳው ለበሽታው ይለቀቃል። በእኛ ደቡብ ምዕራብ ጫካ ውስጥም ተመሳሳይ ነገር አለ። የቡና ቅጠል ዝገት ላይ እየወጣ ዝገቱን የሚበላ ነጭ ፈንገስ ይታያል። እንዲህ ያለውን ባለውለታ ከጠላቱ ለይቶ የሚተው ርጭት የለም።

ኢትዮጵያ ውስጥ እያንዳንዷን የጓሮ ቡና መርጨት የማይታሰብ ነበር። ገንዘቡም፣ መርጫውም፣ ውሃውም የለም። ያለው አንድ ሀብት ነው። አረቢካ ቡና የተገኘበት ጫካ። እናም ሰዎቹ ጥያቄውን ገለበጡት። በበሽታው የተመታ ማሳ ውስጥ ገብተው "የትኛው ዛፍ ነው ያልታመመው?" ማለት ጀመሩ። ሺህ ዛፍ ጠቁሮ መሐል ላይ አንዱ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል። ያንን ምልክት ያደርጉበታል። ዘሩን ይወስዳሉ። ጅማ፣ መልኮ ያለው ምርምር ማዕከል ላይ ያበቅሉታል። ችግኙ ገና ሁለት ቅጠል ሳያወጣ ለጋ ግንዱ ላይ የበሽታውን ዘር ይረጩበታል። የሞተው ይጣላል። የተረፈው ይቀጥላል።

ዛሬ ቡና ቆዪዎች ከቶኪዮ እስከ ፖርትላንድ ከረጢታቸው ላይ የሚያትሟቸው 74110 እና 74112 የሚሉት ቁጥሮች ከዚያ የመጡ ናቸው። 74 የተመረጡበት ዓመት ነው። እናት ዛፎቻቸው የተገኙት ኢሉባቦር፣ መቱ አካባቢ፣ ቢሻሪ ውስጥ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዝርያዎች ለገበሬው የደረሱት አሥር ዓመት ሳይሞላ ነው። ለዛፍ ሰብል ይህ ፍጥነት ነው። ከሃምሳ ዓመት በኋላም እነዚህ ዝርያዎች ይዘዋል።

እንከን የለውም አልልም። ከኢሉባቦር የተወሰደ ቡና ጌዴኦና ጉጂ ላይ በብዛት ሲተከል የአካባቢው ነባር ቡና ቦታ እየለቀቀ ነው። የቡናው ጠረንም የሀገሩን መልክ ያጣል ብለው የሚከራከሩ አሉ። እውነት አላቸው። በኋላ ሲዳማ ላይ ከዚያው ከአካባቢው ቡና እንደ አንጋፋ ያሉ ዝርያዎች መመረጣቸው ለዚህ ነው። ያም ሆኖ ዛሬ አብዛኛው የኢትዮጵያ ቡና ገበሬ ቡናው ላይ ምንም አይረጭም። ይህ በድህነት ብቻ የመጣ አይደለም።

ጉዳዩ አሁን በገበያም በኩል ይመጣል። አዲሱ የአውሮፓ የኦርጋኒክ ደንብ ከ2025 ጀምሮ እንደ እኛ ባለ አገር ላለ አምራችም ያው ደንብ ነው፤ ከአውሮፓው ጋር "ተመጣጣኝ" የሆነ ደንብ ይበቃል የሚባለው ነገር ቀርቷል። አንድ የገበሬዎች ቡድን ከ2,000 አባል መብለጥ የለበትም። የሚረጭ ካለ ያው የመዳብ ገደብ ይሠራበታል፤ ማን፣ መቼ፣ ስንት ግራም እንደረጨ የሚመዘገብ ደብተር ያስፈልጋል። ሩብ ሄክታር ላላቸው 2,000 ገበሬዎች ይህን ደብተር ለሰባት ዓመት መያዝ ምን ያህል ሥራ እንደሆነ አስቡት። ምንም ያልረጨ ግን የሚቆጥረው ግራም የለውም።

ድንቹስ?

ቡና ላይ እንዲህ ልባችንን ሞላን እንጂ ድንች ላይ አፋችን ይያዛል።

ደጋው ላይ ድንች በክረምት ቢዘራ ዝናብ አለው፤ ምርቱም ከፍ ማለት ይችል ነበር። ብዙ ገበሬ ግን ክረምቱን ይፈራል። ዋጉ ሲመጣ በአንድ ሳምንት ማሳው በፈላ ውሃ የተቀቀለ ይመስላል። ስለዚህ በበልግና በመስኖ ይዘራል። ይህም ራሱ አንድ ምትክ ነው፤ በሽታውን በወቅት መሸሽ። በክረምት የሚዘራው ደግሞ ማንኮዜብና ሪዶሚል ይረጫል። ማንኮዜብ አውሮፓ ከ2021 ጀምሮ የከለከለችው ነው። ከዚህ ጋር ሲወዳደር መዳብ ይሻላል ወይ ብትሉኝ፣ ለረጪው ጤና ምናልባት፣ ለአፈሩ ግን አይመስለኝም። በተለይ የምዕራቡ ቀይ አፈር ቀድሞውኑ አሲዳማ ነው።

ዘሩ ግን አለ። ሆለታ ግብርና ምርምር ከዓለም አቀፉ የድንች ማዕከል ጋር እየሠራ ዋግን የሚችሉ ዝርያዎች አውጥቷል። ጃለኔ፣ ጉደኔ፣ በ2009 ደግሞ በለጠ። አንዳንዶቹ ከዓመታት በኋላ ጥንካሬያቸው እየላላ ነው፤ ስለዚህ በየጊዜው አዲስ መተካት አለበት። ሆላንዶች መዳብ ስለተከለከለባቸው ሱፐርማርኬቱን፣ ዘር አቅራቢውንና ገበሬውን በ2017 አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ተፈራርመዋል፤ የኦርጋኒኩ መደርደሪያ በሽታ ወደሚችሉ ድንቾች ብቻ እንዲሸጋገር። ገዢው ስሙን አይቶ ይገዛል።

እኛ ጋ ዘሩ ከምርምሩ ወጥቶ ገበሬው እጅ እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ይወስዳል። ድንች እንደ ጤፍ በእፍኝ አይበተንም፤ ለአንድ ሄክታር 20 ኩንታል ገደማ ዘር ይፈልጋል። መኪና ይፈልጋል፣ መጋዘን ይፈልጋል። ስለዚህ ገበሬው ካለፈው ምርቱ ትንንሹን መርጦ ያንኑ ይዘራል፤ በሽታውም አብሮ ይዘራል። የ74110 ቁጥር ቶኪዮ ውስጥ ከረጢት ላይ ታትሟል። አዲስ አበባ፣ አትክልት ተራ ሄዳችሁ ሻጯን "እመቤት፣ ይህ ድንች ዘሩ ምን ይባላል?" ብትሏት ግን ቀና ብላ ታያችሁና "ነጩ ነው፤ ለወጥ ነው ለጥብስ የፈለግሽው?" ትላችኋለች።